የወይዘሮ ወለተጻድቅ ልጅ

የማይታወቅ ባሕር አቋርጠው አዲስ አገር ስላገኙ፣ ባሪያ ነፃ ስላወጡ፣ ለሴቶች ትምህርት ቤት ስለከፈቱ ሰዎች የሚተርኩ መጻሕፍት በጦር ኃይሎች ሠፈር መንገድ ዳር ከሚሸጡት አሮጌ መጻሕፍት መካከል አይጠፉም። ብዙ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸውና እግዚአብሔር ይመስገን። የእነዚያ ሰዎች ታሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቤተ መንግሥት ወይም ከመርከብ ላይ ነው። የወይዘሮ ወለተጻድቅ ታሪክ የሚጀምረው ከቀራንዮ መድኃኔዓለም በታች፣ በአንዲት የቆርቆሮ በረንዳ ላይ ከተቀመጠ የልብስ ስፌት መኪና ነው።

ወላጆቻቸው ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን ተወልደው ያደጉት እዚሁ ቀራንዮ ነው። ባለቤታቸው ገና በወጣትነታቸው ሞቱባቸው፤ ልጅም አልወለዱም። አብረዋቸው የሚኖሩት እናታቸው እማማ ወርቅዬ ብቻ ነበሩ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ የተማሪ ዩኒፎርም ያሳጥራሉ፣ መጋረጃ ይሰፋሉ፣ የተበላሸ ዚፕ ይቀይራሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በረንዳቸው በሠፈሩ የቤት ሠራተኞች ይሞላል። ልጆቹ ወጣ የሚሉት በዚያ ሰዓት ነው። የቀሚሳቸው ጠርዝ እስኪታጠፍ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዳንዴም ያለቅሳሉ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ የእያንዳንዷን አገር፣ የእናቷን ስም፣ የመጣችበትን ምክንያት ያውቁ ነበር። የመኪናውን ፔዳል ሲረግጡ የማይሰሙ ይመስላሉ እንጂ ሁሉን ይሰሙ ነበር።

የሠፈሩ እድር አሮጌ እድር ነው። ስልክ በየኪሱ በገባበት በዚህ ዘመንም ሞት የሚነገረው በጥሩንባ ነው። ጎህ ሲቀድ ጥሩንባ ነፊው ገሜዳ ጋቢውን ደርቦ በየቅያሱ እየቆመ ይነፋል፤ ከዚያም የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ጮክ ብሎ ይናገራል። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይወጣል፣ ወንዶቹ ሬሳውን ይሸከማሉ። ከቀብሩ በኋላ የአባላት ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ለአባሉ፣ ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጁ፣ ለወላጁ፣ ለወንድሙና ለእህቱ ነበር። የቤት ሠራተኛ ስትሞት ግን ጥሩንባ የለም። ሬሳዋን ወደ አገሯ የሚወስድ ዘመድ ከመጣ ይወስዳል፤ ካልመጣ አሠሪዋ ከሁለት ሦስት ሰው ጋር ሆኖ በዝምታ ያስቀብራታል። ይህን ማንም በክፋት አላደረገውም። ደንቡ ሲጻፍ ማንም አላሰባቸውም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሰርኬ እሑድ እሑድ ከሚመጡት ልጆች አንዷ ነበረች። የምትሠራው የእድሩ ዳኛ ከነበሩት ከአቶ ሰይፈሥላሴና ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማራኪ ቤት ነው። ዝምተኛ፣ ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል። ከዚያ ጥቂት እሑዶች ቀረች። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ታማ ይሆናል ብለው ሲያስቡ ሳለ፣ ክር ለመግዛት ጦር ኃይሎች ወርደው ታክሲ መጠበቂያው አጠገብ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ አገኟት። ፌስታሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። መታመሟን አይተው አሠሪዋ እስከ አገሯ የሚያደርሳትን መሳፈሪያ ሰጥተው ሸኝተዋት ኖሯል። አገሯ ሄዳ ብታርፍ ይሻላታል ብለው ነው። ልጅቷ ግን ከዚያ ጥግ መነሳት አልቻለችም።

«ወደ እናትሽ ነው?» አሏት።

«እናቴማ ሞታለች እትዬ። መኪናው ዝም ብሎ ወደዚያ ስለሚሄድ ነው።»

ይዘዋት ወደ ቤት መጡ። ሐኪም ቤት ሲወስዷት ችግሩ የልብ መሆኑንና በጣም መዘግየቱን ነገሯቸው። ክረምቱን እነሱ ዘንድ ተኛች። እማማ ወርቅዬ መጀመሪያ ላይ ቤቴን ሐኪም ቤት አደረግሽው ብለው አጉረመረሙ፤ ውለው ሲያድሩ ግን ሌሊት እየተነሱ ብርድ ልብሷን የሚያስተካክሉላት እሳቸው ሆኑ። ንስሐ አባታቸውም መጥተው ንስሐዋን ተቀበሉ፣ ቆረበች።

አንድ ማለዳ የገሜዳ ጥሩንባ በበራቸው አለፈ። የሞቱት ከላይ ሠፈር የሚኖሩ አዛውንት ነበሩ። ሰርኬ ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ካዳመጠች በኋላ «ለእኔም ይነፋልኛል እትዬ?» ብላ ጠየቀች። ወይዘሮ ወለተጻድቅ የእድሩን ደንብ አሳምረው እያወቁ «ይነፋልሻል» አሏት።

ሰርኬ መስከረም ላይ አረፈች። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገሜዳ ቤት ሄዱና ልጄ አርፋለች ብለህ ንፋ አሉት። ገሜዳ የሠፈሩን ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ልጅ አለችዎት እንዴ እትዬ?»

«አለችኝ። ሙሉ ስሟን ሰርካለም በል።»

ነፋ። ሠፈሩም የራሱን ታሪክ ሠራ። ሴትዮዋ በልጅነታቸው የወለዱት፣ ጎጃም ዘመድ ጋ ያደገች ልጅ ኖራቸው ይሆናል፣ ስንት ዓመት በሆዳቸው ይዘውት ኖሩ ተባለ። እውነቱን የሚያውቁት የእሑዶቹ ልጆች ነበሩ፤ እነሱን የጠየቀ ግን አልነበረም። እንዲያ ስለተባለም ሰው ከወትሮው በዝቶ ወጣ። ድንኳኑ ሞላ፣ ሬሳዋ በብዙ ትከሻ ቅብብል መድኃኔዓለም ደረሰ። ሴቶቹ «አንድዬዋን» እያሉ አለቀሱ። ከሁሉም አብልጠው ያለቀሱት ወይዘሮ ማራኪ ነበሩ፤ እሳቸው የልጅ ሞት ያውቃሉ።

በሦስተኛው ቀን ከጉርድ ፎቶ ተነሥቶ እንዲተልቅ የተሰጠው የሰርኬ ሥዕል በፍሬም ሆኖ መጣና ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ወይዘሮ ማራኪ ያለቀሱላትን ልጅ መልክ ለማየት ጠጋ አሉ። አዩት። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ይቺ እኮ እኔ ቤት የነበረችው ናት» አሉ። ከዚያ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። አቶ ሰይፈሥላሴ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው፤ ለወዳጅም ለዘመድም ደንብ የማያጥፉ፣ ለዚህም የሚከበሩ ሰው ናቸው። ወይዘሮ ወለተጻድቅን አስነሥተው የሆነውን እንዲናገሩ ጠየቁ። እሳቸውም አንድም ሳይደብቁ ተናገሩ። ከኋላ አንዱ «ነገ ደግሞ በጌ ሞተ፣ ልጄ ነው ይሉናል» ሲል ሳቅ ሆነ። አቶ ሰይፈሥላሴ ዝም አሰኟቸው። የእድሩ ወጪ እንዲመለስ፣ ሴትዮዋም ይቅርታ እንዲጠይቁ፣ ነገሩም በዚያው እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረቡ።

በዚህ መሐል ከእድሩ መሥራቾች በሕይወት የቀሩት ጋሽ መዝገቡ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ትልቅ ሰው ናቸው።

«ወለተጻድቅ ልጄ» አሉ፤ «ባገራችን የጡት ልጅ የሚባል አለ። እናቲቱ አውራ ጣቷን ማር ታስነካለች፣ ልጁ ምስክር ፊት ይጠባል። ከዚያ ወዲያ ከማሕፀን ከወጣው አይለይም፤ ይወርሳል፣ ይቀበራል። አንቺም ለዚህች ልጅ እንዲያ ሳታደርጊላት አትቀሪም።»

በሩ እንደተከፈተላቸው ያልገባው ሰው አልነበረም። አዎን ቢሉ አቶ ሰይፈሥላሴም ደስ ብሏቸው ይቀበሉ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ወደ መሬት ተመለከቱ።

«አላደረግኩም ጋሽ መዝገቡ። ባደረግሁ ደስ ባለኝ። አንዴ ዋሽቻችኋለሁ፤ በዚያ ላይ ሌላ አልጨምርም። ደግሞስ ለሰርኬ ማር ተገኘላት እንበል። እናንተ ቤት ላሉት ልጆች ማን ያጠባቸዋል?»

ከዚያም ጥያቄያቸውን አቀረቡ። በአባል ቤት የሚያድር ሰው ሁሉ ሲሞት ጥሩንባ ይነፋለት፣ ድንኳን ይተከልለት፤ እንዲያ ቢሆን ማንም እንደ እኔ መዋሸት አያስፈልገውም አሉ። አቶ ሰይፈሥላሴ የጠየቅንዎት ይቅርታ ነው፣ ደንብ አይደለም አሏቸው። እሳቸውም ወጪውን ነገ እመልሳለሁ፣ ይቅርታውን ግን የማቀርበው ደንቡ ሲስተካከል ነው ብለው ተቀመጡ። ይሰረዙ ተብሎ እጅ ወጣ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከእድሩ ተሰረዙ።

ቤታቸው ሲመለሱ እማማ ወርቅዬ ሰምተው ይጠብቋቸው ነበር። እማማ ወርቅዬ በዚያን ጊዜ ዘጠና የተጠጉ፣ ከሰርኬ ቀብር ወዲህ ከአልጋ የማይነሡ፣ ሞትን ሳይሆን ሰው የሌለበትን ቀብር የሚፈሩ ሴት ነበሩ። ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ የስንቱን ቀብር ቆመው አስፈጽመዋል።

«እኔን እንግዲህ ማን ይሸከመኛል?» አሉ። «አንቺ በጀርባሽ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል እማዬ።»

«እሱማ ያውቃል። ሬሳ ግን አይሸከምም።» ይህን ብለው ደንግጠው አማተቡ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ የእናታቸውን ፍርሃት ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ሌሎች እድሮች ጋ ሄደው ጠየቁ። አንዱ ከቀድሞው እድር የመሸኛ ደብዳቤ ያምጡ አላቸው፤ ሌላው አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ ካለ አንቀበልም አለ። አንድ ቃል ብለው ወደ ጋሽ መዝገቡ ቢመለሱ ሁሉም ይቀልላቸው ነበር። ማታ ማታ እናታቸውን ሲያገላብጡ ይህን ሳያስቡት አይቀሩም። አልተመለሱም።

በሠፈሩ ቀብር ሲኖር ግን ይሄዱ ነበር። ከሰው ኋላ ቆመው ያስቀብራሉ፤ ስም ሲጠራ የእሳቸው አይጠራም፤ ተጠርቶ እስኪያልቅ ቆመው ይጠብቁና ነጠላቸውን አስተካክለው ይመለሳሉ። ሰው ሰላም ይላቸዋል፣ ልብስም ያሰፋቸዋል፣ ስለ እድሩ ግን ማንም አያነሳባቸውም። እሑድ ከሰዓት በረንዳው እንደ ወትሮው ነው። ልጆቹ የእማማ ወርቅዬን ፀጉር ያበጥራሉ፣ እግራቸውን ያጥባሉ። ስለ ሰርኬም በየራሳቸው መንገድ ያወራሉ፤ የተነፋላት ብቸኛዋ ሠራተኛ ይሏታል።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ እማማ ወርቅዬ ወደ ማታ ላይ አረፉ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ገንዘው፣ ንስሐ አባታቸውን ጠርተው፣ ፍትሐቱን አስደርገው ሲነጋ በሩን ከፈቱ። ገሜዳ ሌሊቱን ሰምቶ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሏል። ጥሩንባው ጋቢው ውስጥ ነው።

«አንዴ ልንፋው እትዬ» አለ፤ «ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ።»

«ተው ገሜዳ። የልጆችህን ጉሮሮ በእኔ ምክንያት አትዝጋ።»

ገሜዳ አልነፋም፤ ወደ ቤቱም አልሄደም። እዚያው ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ።

ወደ ዳቦ ቤት የሚወስደው መንገድ በዚያ በረንዳ ፊት ያልፋል። ከሰርኬ በኋላ ወይዘሮ ማራኪ ቤት የገባችው ብሩኬ የምትባል ልጅ ገሜዳን አይታ ምን ሆነህ ነው አለችው። ነገራት። እሷ ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ ለቆሙት ነገረች። ሰልፉ በሙሉ የሠፈሩ ሠራተኛ ነው። ዳቦው በየቤቱ ሲደርስ ወሬውም አብሮ ደረሰ።

ልጆቹ አንድ በአንድ ፈቃድ እየጠየቁ ወጡ። አንዳንዷ ተፈቀደላት፣ አንዳንዷ አልተፈቀደላትም፤ ሁሉም ግን መጡ። አንዷ እመቤት ቁርሱስ ብላ ብትጠይቅ ዳቦው ጠረጴዛ ላይ ነው ተብላ ቀረች ይባላል። ልጆቹ ከየግቢው የዕቃ ሸራ አምጥተው ከበረንዳው ቆርቆሮ እስከ አጥሩ ወጠሩት። አግዳሚ ተሸክመው መጡ። ውኃ ቀዱ፣ ንፍሮ ጣዱ።

ብሩኬም ወይዘሮ ማራኪን ፈቃድ ጠየቀች። እሳቸውም እድሩ እኮ አልጠራም አሏት።

«እኔ መቼ በእድር ተጠርቼ አውቃለሁ እትዬ?» አለች ብሩኬ። ይህን ያለችው ለክፋት አልነበረም፤ ጫማዋን እየፈለገች ነበር።

ሸራው ሥር ያሉት ሰዎች የወይዘሮ ማራኪን መምጣት ያዩት ረፋዱ ላይ ነው። ጥቁር ለብሰዋል። ወንበር ቢሰጣቸው አልፈለጉም፤ ሰሌኑ ላይ ከወይዘሮ ወለተጻድቅ አጠገብ ተቀመጡ። ያን ድንኳን ትተው ከወጡ ወዲህ ሁለቱ ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገሩም።

«ሰርኬን መሳፈሪያ ሰጥቼ ሸኘኋት» አሉ ወይዘሮ ማራኪ። «የት ልትደርስ እንደምትችል አልጠየቅኳትም። እዚያ ድንኳን ውስጥ ለማላውቃት ልጅ አለቀስኩ፤ ማን እንደሆነች ባወቅሁ ጊዜ አቆምኩ። ያ ልቅሶ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን እዚህ ደረቴ ላይ ቆሞብኛል ወለተጻድቅ። የእናትሽን ላልቅስ፣ የእሷንም ልጨርስ።»

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ከዚያ በኋላ የተለቀሰው ለማን እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር። ወይዘሮ ማራኪ መግባታቸውን ያዩ ሴቶችም ከየበሩ እየወጡ ገቡ። ሊጠሩ ይጠብቁ የነበሩ ብዙ ነበሩ፤ የመጀመሪያዋ ስትሄድ መጠበቃቸው አሳፈራቸው።

ሬሳው ሊነሣ ሲል ወንድ ያነሰ መሰለ። ገሜዳ አለ፣ ሁለት ዘበኞች አሉ፣ አንድ የጎረቤት ልጅ አለ። ብሩኬና ጓደኞቿ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቀረቡ። ሴት ልጅ ሬሳ ስትሸከም በዚህ ሠፈር ታይቶ አያውቅም። አቶ ሰይፈሥላሴ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነበር፤ ባለቤታቸውን ፈልገው ይምጡ፣ ልባቸው ያምጣቸው፣ እሳቸው ብቻ ያውቃሉ። ገቡና ኮታቸውን አውልቀው ለአንዷ ልጅ አስያዙ፣ ትከሻቸውንም ከሳጥኑ ሥር አደረጉ። ከእሳቸው ኋላ ሌሎች ወንዶች መጡ። መድኃኔዓለም እስኪደርሱ ድረስ የሚቀባበል ትከሻ አልጠፋም። ጋሽ መዝገቡ በከዘራቸው እየተደገፉ እስከ መጨረሻው ተከተሉ። በዚያ ቀብር ላይ ስም አልተጠራም። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ የያዘ ሰው የለም።

በዓመታዊው ስብሰባ ላይ የደንቡን ጉዳይ ያነሡት አቶ ሰይፈሥላሴ ራሳቸው ናቸው። በቀላሉ አላለፈም። ወጪው እንዴት ይቻላል ያሉ ነበሩ፤ ተከራዩንም ዘበኛውንም ከቀበርን እኛን ማን ይቀብረናል ብለው ተቆጥተው የወጡም ነበሩ፤ ከእነሱ መካከል እስከ ዛሬ ያልተመለሱ አሉ። የቀረው ሰው ግን እጁን አወጣ። በአባል ቤት የሚኖር ማንኛውም ሰው፣ የሚዛመድም የማይዛመድም፣ እንደ ቤተሰብ ይቀበራል ተባለ። ወይዘሮ ወለተጻድቅም እንዲመለሱ ሰው ተላከባቸው።

መጡ። ከመቀመጣቸው በፊት ቆመው ይቅርታ ጠየቁ። ያልወለድኳትን ልጄ ናት ብዬ ገሜዳን አስነፍቻለሁ፣ እናንተንም አታልያለሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ይቅር በሉኝ አሉ። ሰው ሁሉ ተገረመ። በዚያን ቀን ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

ጋሽ መዝገቡ «ምነው ልጄ፣ ያን ጊዜ ይህን ብትይ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰብሽ» አሏቸው።

«ያን ጊዜ ብጠይቅ ይቅር የምትሉት ለእኔ ብቻ ነበር ጋሽ መዝገቡ።»

አቶ ሰይፈሥላሴ ይቅርታውን እድሩ መቀበሉን ተናገሩ። ቀጥለውም፣ ደንብ ነውና፣ እድርን ለዋሸ የተጻፈውን ቅጣት ወሰኑባቸው። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከመቀነታቸው ፈትተው ከፈሉና ተቀመጡ።

ስብሰባው ሊበተን ሲል አንዲት ሴት እጃቸውን አወጡ። ዘበኛቸው ከታመመ ሰንብቷል፤ የክፉ ቀን ነገር አይታወቅምና ለገሜዳ ምን ብለው እንደሚያስነግሩ ማወቅ ፈለጉ። አቶ ሰይፈሥላሴ የሰውየውን ስም ጠየቋቸው። ደሜ ነው አሉ።

«ደሜ ማን?» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከተቀመጡበት።

ሰውየው የሴትዮዋን በር ሲጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። የአባቱን ስም አያውቁትም ነበር። ስብሰባው እስኪያልቅ አልጠበቁም፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ሊጠይቁት ወደ ቤት ሄዱ።